ከፊቴ ዘጠኝ መኪና አለ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የጆሮ ማዳመጫ ግራው አይሰማም ነበር። ቢሮው ጉርድ ሾላ፣ ከአንድ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በኢንተርኔት ለጭንቀትና ለውጥረት ምክር የሚሰጥ ድርጅት ሲባል ሰፊ ነገር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት በቺፕውድ የተከፋፈሉ አራት ጠባብ ክፍሎችና አንድ አልዘጋ ያለ መስኮት ነው።

ተቆጣጣሪያችን ወይዘሮ ሙሉ ይባላሉ። ብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ወደዚህ የመጡት። በሳይኮሎጂ በጥሩ ውጤት መመረቄን ስነግራቸው «ጎሽ፤ እዚህ ግን ከምታውቂው ይልቅ አስተዳደግሽ ነው የሚያስቸግርሽ» አሉኝ። የሰደቡኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ።

በዚያው ቀን ሦስት ጥያቄ አስጠኑኝ። አሁን ብቻህን ነህ? ስልኩ የራስህ ነው? መስመሩ ቢቋረጥ ማን ይደውላል፣ አንተ ወይስ እኔ? መልሱ መግቢያ ቅጹ ላይ ይሞላል፤ ከቅጹ ውጭ መሥራት ክልክል ነው። ሌላ ሰው ስልኩን ካነሳ ደግሞ «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቻለሁ» ብሎ መዝጋት ነው።

«አባትም ቢያነሳ?» አልኳቸው።

«አባትም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ሼህም ቢሆን። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ ዝግጁ መልሶች ነበሩ። በጽሑፍ የሚያወሩ ሰዎች ሲበዙብን ቁጥር እንነካለን፤ መልሱ ራሱን ጽፎ ይሄዳል። አንድ ቁጥር ሰላምታ ነው፣ ሁለት ቁጥር ቀጠሮ ነው። አራት ቁጥር ማጽናኛ ነው። ወይዘሮ ሙሉ አራት ቁጥርን አይወዱትም። «ሰው ሲያለቅስ ደረሰኝ አይቆረጥለትም» ይላሉ።

ቀስ በቀስ ሰው የት ተደብቆ እንደሚጨነቅ ተማርኩ። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመጡት ልጃገረዶች አንድ ክፍል ለአምስት ስለሚኖሩ አይናገሩም፣ ይጽፋሉ። ቦሌ ሚካኤል ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በየሦስት ደቂቃው «ቆይኝ፣ ሰው ገባ» እያለ ነበር የልቡን የሚነግረኝ። ሸገር ላይ ብቻውን የሚሆንበት ቦታ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ደንበኛዬ ሰይድ ብቻውን የሚሆነው ተራ ሲጠብቅ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ የወሎ ልጅ፣ ከጉርድ ሾላ ሰሚት የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መኪናው የአጎቱ ነው። አጎቱን ሐጂ ይላቸዋል፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ሰሚት መንገድ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ድንገት ገባችበት። ፍሬን ያዘ፤ አልነካቸውም። እነሱ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ፣ የሰይድ ልብ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ሲደርስ ደረቱ ይደልቃል፣ መሪው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዳር ይዞ ይቆማል። ተሳፋሪ «ምን ሆንክ ሾፌር?» ሲለው «ሞተሩ ሞቆ ነው» ይላል።

የሚደውለው ሰልፍ ይዞ ነው። ረዳቱ ወርዶ ከተራ አስከባሪው ጋር ሲጨቃጨቅ፣ እሱ መስኮቱን ዘግቶ «እህቴ፣ ከፊቴ ዘጠኝ መኪና አለ» ይለኛል። የቀጠሮአችን ርዝመት ይሄ ነበር። አንድ መኪና ወደፊት በሄደ ቁጥር በረጅሙ እንዲተነፍስ አስለመድኩት። ሁለት መኪና ሲቀር ወሬውን መሰብሰብ እጀምራለሁ። «በይ ተራዬ ደረሰ፣ ቢያጆዬን ልሥራ» ብሎ ይዘጋል።

አንድ ቀን እያወራን የአንድ መኪና ክላክስ በጆሮ ማዳመጫውም በመስኮቱም እኩል ገባ። ብድግ ብዬ አየሁ። ሰልፉ ከሕንፃችን ሥር ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ተደርድረዋል፣ የትኛው ውስጥ እንዳለ አላወቅኩም። ከደንበኛ ጋር በአካል መገናኘት አይፈቀድም፤ መልሼ ተቀመጥኩ። እሱ ፊቴን አያውቅም፣ እኔም ፊቱን አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ወሰነ። «ከጁምዓ በኋላ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «ቁልፉን በእጄ እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት አርፌ ልመለስ እላቸዋለሁ። ግን ከሌላ ሰው ከሰሙ አለቀልኝ። እንዴት ደበቅከኝ ነው የሚሉኝ።» የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመን ተለማመድን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ከጁምዓው በፊት በነበረው ሐሙስ እያወራን መስመሩ ተቋረጠ። ከመቋረጡ በፊት ትንፋሹ አጥሮ ነበር። ቅጹን አየሁ፤ በራሴ እጅ «ደንበኛው ራሱ ይደውላል» ብዬ ሞልቻለሁ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ከዚያ ደወልኩ። ለእሱ ፈርቼ ነው፤ ግማሹ እውነት ይሄ ነው። ሌላው ግማሽ ያለ እኔ የማይሆንለት ሰው መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ። በኋላ ከንግግራቸው እንደተረዳሁት ሐጂ መኪናውን ሊያዩ ድንገት ሲመጡ ነው ሰይድ የዘጋብኝ። ስልኩን ከመሪው ፊት ትቶ ጎማ ሊያሳያቸው ወርዷል፤ አይተው ሲያበቁ እሳቸው ሾፌሩ ወንበር ላይ ገብተው ተቀምጠዋል። «የሰይድ አጎት ነኝ። ማን ልበለው፣ ልጄ?»

ቁጥር ተሳስቻለሁ። ሁለት ቃል ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ልጄ ያለኝን ሰው፣ ዋሽቼ ጆሮው ላይ ልዝጋበት? ይሉኝታ ያዘኝ። «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ» አልኩ። ደህንነት ተጠያየቅን። ቤተሰቡም ደህና ነው።

«እንግዲህ የምታውቂው ከሆነ እባክሽ አትደብቂኝ» አሉኝ። «ልጁ አላማረኝም። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። መጠጥ ይሆን ወይ እያልኩ ምግብ አልበላ ብሎኛል።»

ስሙን ያዳንኩለት መሰለኝ። «ኧረ በጭራሽ፣ አባቴ! እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ጭንቀት ነው። እኛ ጋ በስልክ ምክር እየወሰደ ነው፤ እየተሻለው ነው፣ አይስጉ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐጂ «አላህ ይስጥሽ» ብለው ዘጉ። እኔም ጥሩ ሠራሁ ብዬ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ሻይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጽሑፍ መጣ። «ቁልፉን ተራ አስከባሪው ፊት ተቀበሉኝ። የሰው ነፍስ ጭነህ ለባዕድ ትናገራለህ፣ ላሳደግኩህ ትደብቃለህ አሉኝ። እህቴ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

ሐጂን አልወቅሳቸውም። ሰው የሚጭን መኪና ነው፣ ቁልፍ መቀበላቸው ልክ ነው። ግን ያን ቁልፍ ሰይድ በእጁ ሊሰጣቸው አንድ ቀን ነበር የቀረው። ያን ቀን የቀማሁት እኔ ነኝ።

መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ አዎ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ከዚያ ጣቴ አራት ቁጥርን ነካ። «የሚሰማዎት ስሜት ተገቢ ነው። እኛ ሁልጊዜ ከጎንዎ ነን። እባክዎ በረጅሙ ይተንፍሱ።» እህቴ እያለ ስድስት ሳምንት ልቡን ለከፈተልኝ ሰው የላክሁለት ይሄንን ነው። እንዳነበበው ምልክቱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ አልጻፈም፣ አልደወለም።

ፋይሉ ላይ «ደንበኛው አቋርጧል፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ሞላሁ። ወይዘሮ ሙሉ ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ልጅ በደህና እየሄደ አልነበረም እንዴ?»

«መመለስ አቆመ።»

«ደውለሽለት ነበር?»

«አልደወልኩም።» ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ወይዘሮ ሙሉ ፋይሉን ዘጉት። ያወቁ ይመስለኛል፤ እንድናገር ጊዜ የሰጡኝም ይመስለኛል። በዓመቱ ሥራ ሲለቁ ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ሦስቱን ጥያቄ ለአዲሶች የማስጠናው እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪ በሆንኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ከቢሮው ሥር ሚኒባስ ገባሁ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «ሰሚት! ሰሚት! አንድ ሰው፣ የቀረው አንድ ሰው!» ይላል። ድምፁን አወቅኩት፤ የሰይድ ነው። ለመውረድ በእሱ አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም።

ቀጭን ነው፣ ረጅም። ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሾፌሩ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ «ሰይዶ፣ ዝጋው!» ይለዋል። ሰይድ ይዘጋል። ሴትዮዋና ልጇ የገቡበት ቦታ ስንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ እንዳስለመድኩት።

ሒሳብ ሲቀበለኝ ቀና አላልኩም። ቤቴ ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት ነው፤ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። ፊቴን አያውቅም፣ ድምፄን ግን ያውቃል። «አትፍራ፣ እዚህ ነኝ» ሲለው የኖረ ድምፅ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። ሠፈሬ በመስኮቱ አለፈ።

መጨረሻው ላይ ሁሉም ወረደ። እኔ ቀረሁ። ሰይድ በሩን በእጁ ይዞልኝ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ መጨረሻ ነው።»

ራሴን ነቅንቄ ወረድኩ። ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ።

ለአዲሶቹ የምለው ይሄን ነው። ሌላ ሰው ስልኩን ካነሳ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ቁጥር ተሳስቻለሁ ብላችሁ ዝጉ። ሳትዘጉ ቀርታችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ፣ አንቺ ነሽ ወይ የተባላችሁ ዕለት በራሳችሁ ቃል አዎ በሉ። እኔ አላልኩም።