ማንም ያላስኬደው ኮድ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጨነቅ በሚባለው የተራራ ካምፕ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ አበስል ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ድስቱንም ድንኳኑንም ለባለቤቶቹ አስረክቤ ወደ ደባርቅ ወረድኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፣ ሰርተፍኬት ያለው ይወዳደር ተባለ። ሚስቴ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ቤቱን ስትይዝ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ እኩዮች ጋር አንድ ማሰልጠኛ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ገባሁ።

ማሰልጠኛው ኮምፒውተር የለውም እንዳይባል አለው። አንድ ክፍል ሙሉ፣ ከነላስቲካቸው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ «አንዱ ቢበላሽ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው» ይላል። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ የተማርነው በጠመኔ ነው። መምህሩ ሃንድአውት ከሚሉት የታተመ ማስተማሪያ ወደ ሰሌዳው ይገለብጣል፣ እኛ ከሰሌዳው ወደ ደብተር። ከዚያ በቃል አጥኑት እንባላለን። ዳዊት ልንደግም የገባን ይመስል!

አንድ እሁድ ሉፕ የሚባለውን ተማርን፤ ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ የሚታዘዝበት ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ኮድ ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራል ተባለ። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ባወረድኩት መለማመጃ እንዳለ ጻፍኩት። ስልኩ ጋለ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ከደብተሬ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። ቁጥሩን በአንድ የሚጨምረው መስመር የሚደጋገመውን ሥራ ከሚያቅፈው ቅንፍ ውጭ ቀርቷል። ድንች ሲልጥ የኖረ ሰው ይሄ አይጠፋውም፤ ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን ላጥ ተብለህ ከቅርጫቱ ምንም ካላነሳህ፣ ያቺኑ አንዲት ድንች ይዘህ ትኖራለህ። መስመሩን ወደ ውስጥ አስገባሁና አስኪድ የሚለውን ነካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ብቻዬን ስስቅ ሚስቴ «ምን አገኘህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ለመምህሩ አሳየሁት። ከእኔ ብዙ የሚያንስ ልጅ ነው፣ ጋሼ ነው የሚለኝ።

«መምህር፣ ይችን ይዩልኝ እስቲ። ሃንድአውቱ ተሳስቷል።»

«የስልክዎ ችግር ነው፣ ጋሼ» አለ፣ ስልኩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።

የመጨረሻው ፈተና ላይ ያው ኮድ መጣ። ውጤቱ ምንድን ነው ይላል። ከአንድ እስከ አምስት ብዬ ብጽፍ ማለፌ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ እንደዚያ ጽፏል። እጄ እምቢ አለኝ። «አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ አያቆምም» ብዬ ጻፍኩና ምክንያቱን ከሥሩ አስረዳሁ። በቀይ ተሰረዘብኝ። ወደቅኩ፤ በዚያች በአንዲት ጥያቄ!

መምህሩ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ኮዱን የጻፍኩበትን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ይንኩት» አልኩት፤ ድምፄ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ነካው። ስልኩ ቀጥ አለ። ቅንፉን አስተካክዬ ደግሜ ሰጠሁት፣ እስከ አምስት ቆጠረ። ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔም ሲሠራ አይቼው አላውቅም። እኔ ስማርም የኮምፒውተሩ ክፍል ተቆልፎ ነበር።»

«ታዲያ ያርሙልኛ!»

«መልሱ ከላይ፣ ከፈተና አውጪዎቹ ነው የመጣው። የእርስዎን ላርም ብዬ የሁሉንም ልሰርዝ ነው?»

ሥራውን ሰርተፍኬት ያለው ሌላ ሰው ወሰደው። ሚስቴ ነገሩን ሰምታ ሽንኩርቷን መደርደር ቀጠለች፤ ይሄ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ። ዳባት ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ፣ ሌላ የሚያስተምር የለም። ዘንድሮ እዚያው ልደግም ተመዘገብኩ።

ሉፕ የደረሰ ዕለት ከፊት ተቀመጥኩ። መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ ይጽፍ ጀመር፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ቅንፉን ዘጋና መስመሯን ከውጭ ጻፋት።

ከኋላዬ ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ፣ አልታየኝም» አለች።

«አትገልብጪው!» አልኳት፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ። «ስህተት ነው!»

«እንዴ፣ ለፈተና አይመጣም?» አለችኝ።