የአርባ ዙር ቅጣት

የሃያ ሦስት ተጫዋቾችን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት መሳል።
ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ።
የላብ ልብስ ማጠብ፣ ማድረቅ።
ፎጣ ማጠፍ።
የውሃ ጠርሙስ መሙላት።
አሠልጣኙ ሲናገር ዝም ማለት።

የአቶ ወንድይፍራው የዘወትር ተግባር ይህ ነው። የስድሳ አንድ ዓመቱ የሚድ ሲቲ ሰፈር ነዋሪ፣ በአንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን የዕቃ ክፍል ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ግሌንዴል ባለ ሆስፒታል የልብ ሕክምና የሚከታተሉት በዚሁ ሥራ የጤና መድን ነው። ስለዚህ አቶ ወንድይፍራው ከሥራ መባረርን የሚፈሩትን ያህል የሚፈሩት ነገር አልነበረም።

አዲሱ አሠልጣኝ ቡድኑ ሲሸነፍ ይጮኻል፤ ሲያሸንፍም ይጮኻል። ለእያንዳንዱ ስሕተት በበረዶ ሜዳው ዙሪያ የሩጫ ዕዳ ይቆርጣል፤ ዕዳው ሳይከፈል ልምምዱ አይቀጥልም። አቶ ወንድይፍራው አይፈርዱበትም ነበር። ዳዊት የደገሙት በአለንጋ ሥር ነውና፣ ቁጣ ሰውን ይሠራል ብለው ያምናሉ። አንድ እሑድ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ሲበሉ፣ ታክሲ ነጂው ወዳጃቸው ምንይሉ በዚሁ ያዛቸው።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ሰውዬው አሁንም ይጮኻል?»

«በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፈናል። ያለ ቁጣ ይሆን ነበር?»

«ኦኬ፣ እሱስ ይሁን። ግን ወንድ ይፍራው ተብሎ ስም የወጣልዎት ሰው፣ ፊሽካ ሲነፋ ፎጣው ከእጅዎ ይወድቃል አሉ!»

አቶ ወንድይፍራው ሳቁ፤ እውነት ስለነበረ ግን ሳቁ ከጥርሳቸው አላለፈም።

በማግሥቱ ጠዋት የተከላካዩን የኤሚልን ግራ ጫማ ሲፈትሹ፣ ስለቱን የሚይዘው ብሎን ላልቶ አገኙት። መፍቻ ለማንሣት እጃቸውን ሲዘረጉ አሠልጣኙ ገብቶ በቡድኑ በረኛ ላይ መጮኽ ጀመረ። በቄስ ትምህርት ቤት መምህር ሲቆጣ፣ ተማሪ የያዘውን ትቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። እሳቸውም ቆሙ። ቁጣው በርዶ ቀና ሲሉ ጫማው የለም፤ ኤሚል አጥልቆት ወጥቷል።

ተከትለው ወደ ሜዳው ዳር ሮጡ። ኤሚል በመጀመሪያው መታጠፊያ ወደቀ።

«አርባ ዙር!» አለ አሠልጣኙ። «ሌሎቻችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ።»

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ አቶ ወንድይፍራውን በረዶ ዳር አላባቸው። ስለቱ ከወለቀ ልጁ በዚያ ፍጥነት ከግድግዳው ይላተማል፤ አንገቱ ይሰበር ይሆናል። ቢናገሩ ደግሞ የዘቢደር መድን አለ። አምስት ዙር አለፈ፤ አሥር፤ አሥራ ስድስት። በየመታጠፊያው ግራ እግሩ ይንገዳገዳል። ኤሚልም ያውቃል፤ እሱም ፈርቶ ዝም ብሏል። ነገሩ የገባቸው ይኼኔ ነው። ዳዊቱን በአለንጋ እንደ ተማሩ ሁሉ፣ የረሱትን ቃል አጉረምርሞ ማለፍንም የተማሩት በዚያው በአለንጋ ነበር።

ሃያ አንደኛው ዙር ሲያልቅ የሜዳውን በር ከፍተው በጎማ ጫማቸው በረዶው ላይ ወጡ።

«አቁሙት! ብሎኑ ላልቷል። አይቼ ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?» አለ አሠልጣኙ ቀስ ብሎ እየቀረበ።

«እየጮኹ ነበር፣ ጌታዬ። ፈራሁ።»

አሠልጣኙ ጫማውን አስወልቆ ስለቱን ነቅነቅ ቢያደርገው እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ ነጣ፤ ሕጉን ግን አላጠፈም።

«ዕዳው የጥፋተኛው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዙር ይቀራል።»

«ከዚያስ እባረራለሁ?»

«መጀመሪያ ዙሩን ጨርስ።»

አቶ ወንድይፍራው የሜዳውን ግድግዳ ይዘው መራመድ ጀመሩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ስድስተኛው ዙር ላይ በረኛው ወደ ቡድኑ ሐኪም ሄዶ፣ የጉልበቱን ሕመም ሁለት ሳምንት መደበቁን ተናገረ። አሥራ አንደኛው ላይ ሌላ ተጫዋች የተሰነጠቀ የራስ ቁሩን አምጥቶ አሠልጣኙ ፊት አኖረ። አሠልጣኙ የራስ ቁሩን ሲያገላብጥ ቆየ፤ አልጮኸም። አቶ ወንድይፍራው በአጠገቡ ሲያልፉ ግን ቀና ሳይል ተናገራቸው።

«ነገ ብሎን ላልቶ ካየህ፣ እኔ እየጮኽሁም ቢሆን አጥብቅ።»

አቶ ወንድይፍራው አሥራ ዘጠነኛውን ዙር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ፈጸሙ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።