የሌንጮ የኋላ መብራት

የሱሉልታው ሌንጮ የቪትዙን የኋላ መብራቶች ግቢው ውስጥ ራሱ ጥቁር ስቲከር ለጠፈባቸው፤ በሳሙና ውሃ እያራሰ፣ በሚስቱ በላሊሴ ፀጉር ማድረቂያ እያሞቀ። ላሊሴ፣ "ፍሬን ስትይዝ ማን ያይሃል?" ብትለው፣ "ያምራል" ብሎ ዘጋት።

ሐምሌ ላይ፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ፍሬን ሲይዝ ጎረቤቱ ኦቦ ዋቆ በሞተራቸው ከኋላ ገጩት። ክንዳቸው ተሰበረ። ሌንጮ ሐኪም ቤት አድርሷቸው እንደተመለሰ ስቲከሩን ልጦ ጣለው።

እሑድ ኦቦ ዋቆ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁት መጡ። "ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ ልጄ፣ መብራትህን አላየሁትም" አሉት። ላሊሴ ባሏን አየችው። አፉ እንዴት እንደታዘዘለት እንጃ፣ "ይቅር ለእግዜር" አለ።

ኦቦ ዋቆ ዓይናቸውን ስላላመኑት ሞተሩን ሸጡት። አሁን ገበያ የሚያደርሳቸው ሌንጮ ነው። ሲወርዱ ይመርቁታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል።