አሥራ ሁለተኛው ቅጂ

ወይዘሮ ድራሆሚራ ዜዙልኮቫ በኮሚኒስቶቹ ዘመን ብርኖ ከተማ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን የውሃ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው። ከሥራ መልስ ደግሞ እንዳይታተሙ የተከለከሉ ልብ ወለዶችን ይተይባሉ። አሥራ ሁለት ስስ ወረቀት በካርቦን ይደራርቡና ቁልፎቹን እንደ ሚስማር ይመቷቸዋል። አሥራ አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ከሁሉም የደበዘዘው አሥራ ሁለተኛው፣ በልማድ የታይፒስቷ ድርሻ ነበር። እሳቸው ሲጨርሱት ለእኔ ያወርዱልኛል።

እኔ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነኝ። እስከ አርባ ዓመቴ ከጋዜጣ የኳስ ገጽ በቀር አላነበብኩም፤ ንባብ የለመድኩት በዚያ ደብዛዛ ወረቀት ነው።

በዚያ ዓመት የሚተይቡት ስለ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበር። ስለ መንግሥት አንድ ቃል የለበትም።

«ታዲያ ይሄን ምን ብለው ይከለክላሉ?» አልኳቸው።

«ሽማግሌው አይዋሽማ!»

አንድ ማክሰኞ ወርደው በሬን አንኳኩ።

«አቶ ኡርባኔክ፣ አምና ከተየብኩት አንድ ቅጂ ፕራግ ላይ ተይዟል። ደኅንነቶች በየቤቱ የጽሕፈት መኪና ፊደል ከቅጂው ጋር እያመሳከሩ ነው። የኔዋ ደግሞ አንዷ ፊደል ከመስመር ትወርዳለች።»

«እሷንማ በጨለማም አውቃታለሁ።»

«ቀልዱን ይተዉና መሣሪያዎን ይዘው ይውጡ። ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል፤ እኔ ከታሰርኩ ማን ይጨርሰዋል?»

መኪናዋን መደበቅ አይቻልም፤ ድምፅዋን ሕንፃው ሙሉ ያውቀዋል። ያቺን ፊደል አቃናሁ። ጎረቤት ፊደሎቿም ትንሽ የተበሉ ሆነው ታዩኝ፤ እነሱንም አስተካከልኩ። ጠረግሁ፣ ዘይት ቀባሁ። ስጨርስ እንደ አዲስ ሆነች። ኮራሁ።

ሐሙስ ደኅንነቶቹ መጡ። ፍተሻ ሲደረግ ጎረቤት ምስክር ይቆማል፤ እኔን ጠሩኝ። አለቃቸው በመኪናዋ አንድ ገጽ መትቶ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣ።

«የስንት ዓመት መኪና ናት?»

«ሃያ ስድስት» አሉ ወይዘሮ ድራሆሚራ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ አንድ እንከን የላትም? ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልቆየችልኝም! ማን ጠገናት?»

«ሟቹ ባለቤቴ።»

«መቼ ሞቱ?»

«አሥር ዓመታቸው።»

ሰውዬው ጣቱን በመኪናዋ ሆድ አስገብቶ አወጣና ለሁላችን አሳየን። «ዘይቱ ግን አልደረቀም።»

እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አላዩም። እኔም ዘይት የለመዱ ጣቶቼን ኪሴ ከተትኩ።

ማስረጃ ስላልነበረ አላሰሯቸውም። መኪናዋን ወሰዱ፤ ከሥራም አስወጧቸውና ወተት ፋብሪካ ጠርሙስ አጣቢ ሆኑ።

አንድ ወር ሙሉ ደረጃውን መውጣት አፈርኩ። ከዚያ ከተጣሉ ብረቶች አንድ መኪና ገጣጠምኩ። በመጨረሻ፣ በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን፣ ጉጠት ይዤ ሁለት ፊደሎች አጣመምኩ።

ሳወጣላቸው ወይዘሮ ድራሆሚራ ወረቀት አስገብተው ሞከሯት።

«አቶ ኡርባኔክ፣ ይቺ ሰክራለች እንዴ?»

«ዕድሜዋን እንድትመስል ብዬ ነው።»

«አሁን ገና ሙያው ገባዎት» አሉና በጠርሙስ ማጠቢያው ሶዳ የተሰነጣጠቀ ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ።

የንብ አናቢው መጽሐፍ ዛሬ በየሱቁ አለ፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ። የእኔው ቅጂ ላይ ግን አንዷ ፊደል እስከ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሁለት ይዘላሉ። መኪናዋ የተወሰደችበትን ቦታ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ።