በጀርባው የተሣለው ዘበኛ

ጋሼ ሊሞት ወር ሲቀረው ሲኒማ ሠራን። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ይከብደኛል፤ ግን ደስ ያለን ጊዜ ነበር።

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ነበር። እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት እማር ነበር፤ ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዤ ወደ ትውልድ መንደራችን ወደ ሮብ ገበያ ተመለስኩ። ጋሼን የሳንባ በሽታ ጥሎት አገኘሁት። እንዳይሰለቸው መጽሐፉን እየተረጎምኩ አነብለት ጀመር። አንዲት ወላጅ አልባ ልጅን አንድ ኮስታራ ዘበኛ ያሳድጋታል። አባቷን የገደለው እሱ ነው ብሎ አገር ሁሉ ይጠላዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን ከገዳዮቹ የደበቃት እሱ መሆኑ ይገለጣል።

ጋሼ ደብረ ማርቆስ ላይ ጣሊያኖች በነጭ አቡጀዲ ላይ ሲኒማ ሲያሳዩ አንድ ቀን አይቷል። «ይህንንም እንደዚያ እናድርገው» አለኝ። እሱ በረጅም ብራና ላይ በተርታ ሊሥል፣ እኔ ብራናውን በሁለት እንጨት ጠቅልዬ መስኮት ባወጣሁለት ሣጥን ውስጥ ላዞረው።

«ስድስት መቶ ገጽ እኮ ነው ጋሼ!»

«እኔ የጌታን ሕይወት በአንድ ግድግዳ ጨርሻለሁ። ያንተ እንግሊዝ ከጌታ ይበልጣል?»

ከታሪኩ ሁለት ሠርግና አንድ የመርከብ ጉዞ ቆረጥኩ። የሚሣል ሃያ ሥዕል ብቻ ቀረ።

ዘበኛው ላይ ግን ተጣላን። በእኛ ሥዕል ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው።

«በአንድ ዓይን ሣለውና ሰው ይጥላው» አልኩ።

«ጻድቁን?»

«በሁለት ዓይን ከሣልከው ገና ሲጀመር ታወቀ። ታሪኩ አለቀ።»

«እኔ ልሞት ነው። በሰው ላይ በሐሰት መስክሬ አልሄድም።»

ሁለት ቀን ቀለሙን ሳይነካ ተኛ። ሳይጨርሰው እንዳይሄድ ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን አነሳና ዘበኛውን በጀርባው ሣለው። በሚቀጥለውም ሥዕል በጀርባው። ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ እኛ ቤት ተሰበሰበ። እኔ እያዞርኩ ታሪኩን እናገር ነበር።

«ይሄ ገዳይ ፊት የለውም እንዴ? አዙሩት እንጂ!» አለች አክስታችን።

«ቆዪ እቴቴ፣ ይዞራል» አላት ጋሼ ከመደቡ ላይ።

የመጨረሻው ሥዕል ወጣ። ዘበኛው ልጅቷን በእጁ ይዞ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ሁላችንንም አየን። አክስታችን ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሣጥኑ ቀረበችና እጅ ነሳች።

«ይቅር በለኝ የኔ ጌታ። ስረግምህ ነው የዋልኩት።»

ጋሼ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ከመጀመሪያው አዙርላት» አለኝ። «አሁን ጀርባውንም ትወደዋለች።»