የኒካሐችን ምስክር

ሀርጌሳ ውስጥ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር፣ የበርበራ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ነፍቼ እመልሳለሁ። ድሮ ከወሎ በመኪና ረዳትነት ነበር የወጣሁት፤ መንገዱ እየሳበ እየሳበ እዚህ አደረሰኝ። የተማርኩት ትንሽ ነው። የማስታውሰው ግን አያንስም።

ፀጉሬ ሸብቶ ካበቃ በኋላ አንዲት የሀርጌሳ ሴት አገባሁ። ባሏ የሞተባት፣ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከኔ የፈጠነ ሴት ናት። ኒካሑ ወንድሟ ቤት ታሰረ። ወንድሟ በአባቷ ቦታ ወሊ ሆኖ ዳረልኝ፣ ሸኹ አሰሩ፣ ሁለት ሰዎች መሰከሩ። አንደኛው የበርበራ መስመር ሾፌር የሆነ ወዳጄ ነው። ሁለተኛው ከኔ ትይዩ ጎማ የሚሠራው ጎረቤቴ። እሱም ድሬ ያደገ ሱማሌ ነው፤ እንደ ድሬ ልጅ «አቦ ጋሼ፣ አንተ!» እያለ ነበር የሚጠራኝ፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ከሸኹ በስተቀኝ ተቀምጦ መሰከረ፣ የፍየሉን ጎድን በላ፣ ሲወጣም ለሚስቱ ሐልዋ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮለት ሄደ። ወረቀት የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። ተመረቅን፣ ተበላ፣ አለቀ።

እንግዲህ ዓመታት ሄዱ። ሾፌሮቹ ከሱ ይልቅ እኔ ጋ መቆም አበዙ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ እኔ የጎማውን ሆድ በእጄ ዳብሼ ሚስማሩን ሳላገኝ አልዘጋም፣ እሱ ይቸኩላል። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ እኔን ማየት ሥራው ሆነ።

አንድ ጠዋት ሁለት የመንግሥት ወጣቶች መጡ።

«አዴር» አለኝ አንደኛው፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «የውጭ ዜጋ ነህ። ወርክ ፐርሚት አለህ?»

«ሚስቴ እኮ የዚህ አገር ሰው ናት።»

«እሱማ ጥሩ ነው፤ የኛን ሴት ያገባ ይፈቀድለታል። ግን ማግባትህን አሳይ። ከቃዲው ወረቀት አምጣና ሥራህን ትቀጥላለህ።»

ኮምፕረሰሬን በሰንሰለት ቆለፉት። በትሕትና ነው የቆለፉት፤ በነሱ ቂም የለኝም። «ማን ነገራችሁ?» ብላቸው ታናሹ ዓይኑን ወደ መንገዱ ማዶ ላከ። ጎረቤቴ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል።

ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። ኒካሑን ያሰሩት ሸኽ ሞተዋል። ወንድሟ ደግሞ ራሱ ስለዳራት ምስክር አይሆንም። «ሁለቱን ምስክሮች አምጣ» አሉኝ። ሾፌሩ ወዳጄ አለ። የቀረው ያ ጎረቤቴ ነው።

ሾፌሮች ሻይ በሚጠጡበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘሁት። ሰው ሞልቷል። ያን ጊዜ ገና በደግ ልብ ነበር የሄድኩት፤ ምናልባት ያፍራል ብዬ።

«ልጄ፣ ቃዲው ጋ አንዴ ብቅ ብለህ ያየኸውን ተናገርልኝ» አልኩት።

«ምን አየሁ?»

«ኒካሔን።»

ሳቀ። ወደ ሾፌሮቹ ዞሮ በሱማልኛ ጮክ አለ። «ይኼ ሐበሻ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ ተቀመጠና አሁን እኔን ምስክር ይለኛል! እኔ እዚያ አልነበርኩም። ነበርኩ ከተባለ ሚስቴ በሦስት ጠላቅ ትፈታ!»

እዚህ አገር ወንዱ በነገር ሞቅታ በሚስቱ ጠላቅ መማል ይወዳል፤ ዱቄት ሲገዛ እንኳ የሚምል አለ። ግን እንዲህ ፊት ለፊት፣ የነበረበት የሚታወቅበትን ነገር ክዶ፣ ያውም በሦስት! በሦስት የተፈታች ሴት ሌላ ባል አግብታ ካልተፋታች በቀር ወደ መጀመሪያው አትመለስም። አንድ ሽማግሌ ሾፌር «አስታግፊሩላህ» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ንዴቴ ጥሎኝ ሄደ። ሰውየው ገመዱን በራሱ እጅ አንገቱ ላይ አስሮ ጫፉን አቀበለኝ።

ማታ የሚስቴ ወንድም መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ነገር ማብረድ ይወዳል።

«ምን አደከማችሁ? ነገ ሁለት ሰው ጠርተን ኒካሑን እናድሰው። ቃዲው ወዲያው ይጽፋል፤ ከነገ ወዲያ ሱቅህን ትከፍታለህ።»

እውነቱን ነው። ሱቄ ከተዘጋ ሰንብቷል፣ ቤታችንም ቀጭኗል። ሚስቴ ግን ከጓዳ ብቅ አለች።

«እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ነበርኩ? ውሽማው? ልጅ ያየሁ ሴት ደግሜ ልዳር? አንተ ሰውዬ፣ እሺ ካልከው ያን ኒካሕ ብቻህን እሰረው!»

«አብሽሪ፣ አላድስም» አልኳት።

ለሰው የነገርኩት ምክንያት የሷን ክብር ነው። እሱም እውነት ነው። ደረቴ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን በሌላ ሰው አፍ አልፈልገውም። በዚያ ጎረቤቴ አፍ፣ ወይም በቤቱ ሰው አፍ እንዲመጣ ነው የፈለግኩት።

በመስጊድ ከሱ ጋር ያው አንድ ሰፍ፣ አንድ ረድፍ ላይ እንቆማለን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ቂሙንም ጸሎቱንም ይዤ ቆምኩ፤ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካው አልሸሸሁም።

ለቃዲው እንዲህ አልኳቸው፦ «ምስክሬ ካደ። ያን ቀን ለሚስቱ ሐልዋ ይዞላት ገብቷል። እሷ ትጠየቅልኝ።»

ሴትየዋ ዋሄን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ በራሷ ላብ የምታድር ናት። ባሏ የማለውን መሐላ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፣ እሷም ሰምታለች። ቀኑ ደርሶ ቃዲው ፊት ስትገባ ወደ ባሏ አላየችም።

ቃዲው አስጠነቀቋት። «ከቃልሽ የሚከተለውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ያየሽውን ተናገሪ።»

ሻርፗን አስተካከለች። «ሐልዋውን በጥቁር ፌስታል ይዞልኝ ገባ። ‹ለሐበሻው ምስክር ሆኜለት መጣሁ፣ ጥሩ ሰው ነው› አለኝ። ከልጆቼ ጋር በላነው።»

«አንቺ ሴት!» ብሎ ተነሣ ባሏ።

«ቁርኣኑ ይኸው» አሉት ቃዲው። «‹አልነበርኩም› ያልከውን፣ በዚህ ላይ እጅህን አድርገህ ድገመው።»

እጁን ዘረጋ፣ መለሰው። መሬት መሬት አየ። «ነበርኩ» አለ። «ያኛው የሻይ ቤት ጨዋታ ነው፣ ሸኽ። ቀልድ ነው።»

«በኒካሕና በጠላቅ ቀልድ የለም።»

የኔና የሚስቴ ጋብቻ በዚያው ተጻፈ። የሱን ደግሞ ቃዲው በሌላ ቀን ብቻውን አይተው መሐላው ይዞታል፣ ሴትየዋ ተፈታለች አሉ። እሷ ግን ፍርዱን አልጠበቀችም፤ የመሰከረች ዕለት ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ባጃጅ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወጣቶቹ መጥተው ሰንሰለቱን ፈቱልኝ። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ እሱ ሱቅ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሥራ በሌለበት ሰዓትም አስነሣዋለሁ።

ሰንብቶ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው እያላቀቅኩ ነበር። ሥራዬን እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጋሼ» አለ። አቦ የለም፣ አንተም የለም። «እርስዎ አንድ ቃል ቢሉልኝ። ‹ምሳ ሲቀርብ ነው የደረሰው፣ ኒካሑ ላይ አልነበረም› ብለው ለቃዲው ይንገሩልኝ፤ መሐላዬ እውነት ይሆናል፣ ሚስቴም ትመለስልኛለች። እኔ ሌላ ምስክር አመጣለሁ፣ ወረቀትዎ አይነካም። ልጆቼን አየት አድርጌ ብቻ ነው የምመለሰው አሁን።»

እጄን በጋዝ ታጠብኩ፣ ቀስ ብዬ ጠረግኩ።

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ልመስክር? ነበርክ። ከሸኹ በስተቀኝ ነበርክ። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበስከው፣ ካልሲህ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ‹አሚን› ስትል ድምፅህ ከሁላችንም በልጦ ተሰማ። ነበርክ።»

አለቀሰ። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አላህ መሐሪ ነው» አለኝ።

«አዎን፣ አላህ መሐሪ ነው» አልኩት። «እኔ ጎሚስታ ነኝ።»

ይህን የሰማ ሰው ኋላ ተጸጽተሃል ወይ ይለኛል። አልተጸጸትኩም። ሴትየዋ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ወደ ዋሄን ስታልፍ ሚስቴን ሰላም ለማለት በሬ ላይ ታስቆማለች፤ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። እሱ ከማዶ ሆኖ ያያታል። እኔም እሱ ሲያያት አየዋለሁ፣ ባጃጁ ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ወደ ጎማዬ እመለሳለሁ።