ሳላ ለማየት ብቻዬን ቆላ የወረድኩ ዕለት

የእህቴ ልጅ ሰላም በሚቀጥለው ወር ብቻዋን ኬንያ ልትሄድ ነው፤ ዝሆንና አንበሳ ለማየት። ባለፈው እሁድ ልትሰናበተኝ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥታ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ፓፓያ እየበላን፣ ብቻቸውን አውሬ ለማየት ለሚጓዙ ሴቶች የተጻፈ ምክር ከስልኳ ታነብልኝ ጀመር። ባታገቢም የጋብቻ ቀለበት አድርጊ። የያዝሽውን ክፍል ቁጥር ሰው ፊት አትጥሪ። የማታውቂው ሹፌር ብቻሽን ላድርስሽ ቢልሽ እምቢ በይ። የት እንደምትሄጂ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ።

“አክስቴ፣ አንቺስ ምን ትጨምሪበታለሽ?” አለችኝ።

“ደህና ነው፤ ሁሉንም ብለውታል” አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ግን ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ብዙ ቆየሁ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ከዚሁ ከተማ ተነስቼ ብቻዬን አውሬ ለማየት ቆላ ወርጄ ነበር። ያነበበችልኝንም ምክር አንድ በአንድ አፍርሼዋለሁ። ደፋር ስለነበርኩ አይደለም።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከአዋሽ ወዲህ ባለው ቆላ፣ በአንድ የዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ስካውት ነበር። ስካውት ማለት ጠመንጃ አንግቶ አውሬውን ከአዳኝ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ለበዓል ሲመጣ ቤታችን በወሬ ይሞላል። ስለ ሰጎን ያወራል፣ ስለ ከርከሮ ያወራል፣ ከሁሉም በላይ ግን ስለ ሳላ ያወራል። ሳላ ገላዋ አመድማ ነው፣ ፊቷ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀች ትመስላለች፣ ቀንዷ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የወጣ ነው። “ከጎን ስታያት ሁለቱ ቀንዶች አንድ ይሆኑብሻል” ይለኛል። “ዝናቡ ያቁም እንጂ እኔው ራሴ ወስጄ አሳይሻለሁ።”

ዝናቡ ሳያቆም ወባ ያዘው። ከቆላው ጤና ጣቢያ ወደ እኛ ሲያመጡት መንገድ ላይ ሞተ። እናቴ ደረቷን ስትመታ፣ እህቴ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ እኔ ለለቀስተኛው ወንበር አቀርብ ነበር። አንዳንዱ “ወይ ጥንካሬ!” አለ። አንዳንዱ ደግሞ “ምን ዓይነት ደረቅ ናት” ብሎ አማኝ። ሁለቱም አልነበርኩም። ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ድድ ታውቃላችሁ? ቢነኩት አይሰማም፤ የራስ ሥጋ መሆኑም ያጠራጥራል። ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኖ ነበር። እበላለሁ፣ ጣዕም የለውም። እተኛለሁ፣ የተኛሁ አይመስለኝም።

የዚያን ጊዜ የደሴ መንገደኞች ምሳ የሚበሉበት አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ለእኛ ለአስተናጋጆቹ ዘወትር የምትደግመው ትምህርት ነበራት። ሴት ልጅ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አትገባም። የሚጠብቃት ባል ባይኖራትም አለ ትላለች። ለሹፌር የምትሄድበትን እንጂ ሆዷን አትነግርም። የታምራት አርባ ከወጣ በኋላ “ቀወት ዘመድ ጋ ልረፍ” ብዬ ፈቃድ ጠየቅኳት፤ ሰጠችኝ። ለእናቴም ያንኑ አልኩ። ወዴት እንደምሄድ የሚያውቅ አልነበረም። ለምን እንደምሄድም እኔ ራሴ በደንብ አላውቀውም። ታምራት ሳላ ላሳይሽ ብሏል፤ ስለዚህ ሳላ ማየት አለብኝ። ከዚህ የራቀ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኅዳር ነበር። የይፋት ሜዳ በማሽላ ተሞልቶ፣ ራሱ ቀልቶ፣ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፋቸውን ያጮኹ ነበር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ወደ ቆላ ገበያ ሊወርድ ሲል አገኘሁት። ሹፌሩ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ፣ ጥርሱ ያማረ ሰው ነው። ገበያተኛው ሁሉ ጭነቱ ላይ ወጥቷል።

“አንቺ ቆንጆ፣ ለምን አቧራ ትጠጫለሽ? ጋቢና ግቢ” አለኝ። ገባሁ።

በበሩ በኩል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነው ጋቢና የያዙት። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ጣታቸው መካከል መቁጠሪያቸው ይንቀሳቀሳል። እትዬ ዘሃራ ይባላሉ፤ ከቀወት ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ጭነው ቆላ ገበያ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀመጥኩ።

አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹን እንደያዝን ሹፌሩ ጥያቄ ጀመረ።

“ባል አለሽ?”

“የለኝም።”

“ወንድምስ?”

“ሞቷል። እዚያ ቆላ፣ የአውሬ ጠባቂዎቹ ካምፕ ይሠራ ነበር።”

“ታዲያ ቆላ ምን ልትሠሪ ነው?”

“ሳላ ለማየት።”

ሳቀ። “ሳላ? አውሬዋን? ማን ነው የሚቀበልሽ?”

“ማንም።”

“መሄድሽንስ ማን ያውቃል?”

“ማንም አያውቅም።”

ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ እትዬ ዘሃራ ጭኔን ይቆነጥጡኝ ነበር። መቆንጠጣቸውን አውቄዋለሁ፤ ለምን እንደሆነም አውቄዋለሁ። የእትዬ በላይነሽም ትምህርት አልጠፋብኝም። ግን ያ ሁሉ ምክር የሌላ ሴት ምክር ሆኖ ነበር የሚሰማኝ፤ ማጣትን ለምትፈራ፣ የምትጠብቀው ነገር ላላት ሴት የተሰጠ። በመስኮቱ አሻግሬ ግራሩን አያለሁ። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ከኋላ የሽንኩርቱ ሽታ እየገባ፣ ሰውየው ማፏጨት ጀመረ።

ገበያው መንደር ስንደርስ ሰው ሁሉ ወረደ፤ ሽንኩርቱም ማሾውም ተራገፈ።

“እማማ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት፤ ይውረዱ” አለ ሹፌሩ። “እሷን ወንድሟ ይሠራበት የነበረው ካምፕ አደርሳታለሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ።”

“ከወረድኩ ከልጄ ጋር ነው የምወርደው” አሉ።

ሹፌሩ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና ከት ብሎ ሳቀ። “ማተብ ያሰረች ልጅ ደግሞ ከየት ወለዱ?”

“የጡት ልጄ ናት።”

ወደ እኔ ዞረ። “እናትሽ ናቸው?”

“አላውቃቸውም” አልኩ። እውነቱን ነበር የተናገርኩት። መዋሸትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

እትዬ ዘሃራ ለአፍታ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ከዚያ በመስኮቱ ወጣ ብለው፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። “እናንተ ሰዎች! ማሾዬን ተረከቡልኝ! እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር፣ በዚህ ነጭ አይሱዙ፣ ይቺን ልጅ ይዤ ወደ ካምፑ መሄዴ ነው! ቶሎ ባንመለስ ፈልጉን!” ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አንድ ሽማግሌ “ኢንሻአላህ በደህና ተመለሱ!” አሉ። ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ መኪናውን አስነሳ።

ከመንደሩ ርቀን ሄድን። ማሳው አለቀ፤ ቢጫ ሣርና እሾሃማ ግራር ብቻ ሆነ። ሹፌሩ ከመንገዱ ወጥቶ አንድ ዛፍ ሥር አቆመና ሞተሩ ግሏል አለ። ለእትዬ ዘሃራ ጄሪካን ወረወረላቸው።

“ከዚያ ወንዝ ውኃ አምጪ” አላቸው። አንቱታው ቀርቶ ነበር።

“ጉልበቴን ያመኛል።”

“እንግዲያው ተቀመጪ። አንቺ ውረጂ” ብሎ በእሱ በኩል ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ወረድኩ። እጁ ናፍጣ ይሸታል። የያዘውን ክንዴን ስመለከተው የእኔ አልመስል አለኝ፤ አሁን የሚሆነው ሁሉ ሌላ ሰው ላይ የሚሆን ነበር የሚመስለኝ። አልጮህኩም፣ አልታገልኩም። ወደ ቁጥቋጦው ሲወስደኝ እንደሚጎተት ከብት እከተለው ነበር።

እትዬ ዘሃራ ቀስ ብለው ወረዱ። ጉልበታቸውን እየደገፉ መጥተው ከፊታችን ቆሙ። አልጮሁም።

“ስማኝ፣ ልጄ” አሉት። “እኔ አሮጊት ነኝ፤ አልታገልህም። ገበያው ሁሉ ግን መኪናህን አይቷል፤ ፊትህን አይቷል። እኔን እዚያ የማያውቀኝ የለም። እሷ ስትጠፋ እኔ እናገራለሁ። እኔም ከጠፋሁ እነሱ ይናገራሉ። እንግዲህ የፈለግከውን አድርግ።”

ያን ሁሉ ሲናገሩ መቁጠሪያቸው አልቆመም። ሹፌሩ ወደ መንገዱ አየ። እሳቸውን አየ። ክንዴን ለቀቀና ምራቁን ተፍቶ፣ ዘንቢሌን ከጋቢናው አውጥቶ ወርውሮ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አቧራው እስኪበተን ሁለታችንም ከቆምንበት አልተንቀሳቀስንም።

“በእግርሽ ትችያለሽ?” አሉኝ።

“እችላለሁ።”

በመጣንበት የጎማ ዱካ ተመልሰን መራመድ ጀመርን። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። በየጥላው እያረፍን፣ እሳቸው በትከሻዬ ተደግፈው፣ ከዘንቢሌ ዳቦ ቆሎ እያወጣን እየቆረጠምን ሄድን። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። አልተቆጡኝምም። ስለ ማሾ አወሩልኝ፤ ዝናብ ሲበዛበት እንደሚበሰብስ፣ ነቀዝ እንደሚወደው።

በኋላ ድንገት ክንዴን ነካ አድርገው ቆሙ። ከግራሮቹ ባሻገር፣ ሣሩ ውስጥ፣ አመድማ ከብት መሳይ መንጋ ቆሟል። አንዷ ወደ ጎን ዞራ ነበር። ሁለቱ ቀንዶቿ አንድ ሆነው ይታያሉ።

“ያችውልሽ፣ ያልሻት” አሉ እትዬ ዘሃራ።

አየኋት። ደስታ ጠብቄ ነበር፣ ወይም ለቅሶ። ሁለቱም አልመጣም። አውሬ ናት፣ ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች፣ ዝንብ ታባርራለች። ታምራት በሕይወት ቢኖርም እንዲሁ ነበር የምትቆመው። ከዚያ መንጋው በአንድ ነገር ደነገጠና በአንድ ጊዜ ፈርጥጦ ጠፋ። ምድሩ በኮቴያቸው ተንቀጠቀጠ።

ያኔ ክንዴ ላይ የዚያ ሰው ጣቶች የነበሩበት ቦታ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ምን ሊሆን እንደነበር፣ የት እንደምቀር፣ እናቴ ሁለተኛ ልጅ እንደምትቀብር፣ ምናልባትም የምትቀብረው እንደማታገኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደብኝ። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

“እትዬ፣ ፈራሁ” አልኳቸው።

አጠገቤ ተቀመጡና ራሴን ወደ ጭናቸው ሳቡት። “አልሐምዱሊላህ” አሉ። “እስካሁን አለመፍራትሽ ነበር እኔን ያስፈራኝ።”

ገበያው መንደር ስንደርስ ገበያው ተበትኖ ነበር። ማሾአቸውን አንዲት ዘመዳቸው ቤት አስገብተውላቸዋል፤ ሳይሸጥ ቀረ። “ገበያ በሳምንቱ ይመጣል” አሉ፤ ከዚህ በላይ አላነሱትም። እዚያው ቤት የማሽላ ገንፎ በግመል ወተት አቀረቡልን። ጣዕሙ አሁንም አልመጣልኝም፤ ጨው እንዳለበት ብቻ ለየሁ። በማግስቱ በሴቶች በተሞላ መኪና፣ ጭነት ላይ ተቀምጠን ተመለስን። እትዬ ዘሃራ እስኪያርፉ ድረስ በየዒዱ ቀወት እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም። እሳቸው ስለ ማሾ ያወራሉ፣ እኔ ስለ ሆቴሉ።

ድንዛዜው ያን ዕለት ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። በቅርቡ እንኳ፣ አገሩ ታውኮ፣ አጣዬ ተቃጥላ፣ የከተማችን ሰው ሻንጣውን ሲሸክፍ፣ እኔ ልብሴን እያጣጠፍኩ ምንም እንደማይሰማኝ አስተዋልኩ። ያኔ ራሴን ከሰው ጋር አደረግኩ፤ ብቻዬን የትም አልሄድኩም። እንዲህ ያለውን ጊዜ ማወቅን ተምሬያለሁ።

ሰላም ስላነበበችልኝ ምክር ሳስብ አንድ ነገር ገረመኝ። ምክሩ ሁሉ የተጻፈው ለተጓዧ ነው፤ ቀለበት አድርጊ፣ ዝም በይ፣ እምቢ በይ። አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው የተጻፈ አንድ መስመር የለም። እኔን ግን ያተረፈኝ የራሴ ጥንቃቄ አልነበረም፤ ጥንቃቄ አልነበረኝምና።

ትናንት ከአጣዬ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ እየተጠጓት ያሽኮረምሟታል፤ እሷ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። “እስቲ ጠጋ በሉ፣ ልጄ ጋ ልቀመጥ” ብዬ መካከላቸው ገባሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን ነሽ የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እሷም፣ ጎረምሶቹም አልወረዱም። እኔም አልወረድኩም። ደብረ ሲና እናቷ መናኸሪያ ቆማ ስትቀበላት፣ ልጅቷ ዞራም ሳታየኝ ሄደች። ብርድ ነበር፤ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ።